ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

"ሌሊት ትኩሳት ቢነሳባት ማን ይሰማታል?"

አያትየዋ ይህን የጠየቀችው በቤተ መንግሥቱ መግቢያ ላይ ቦርሳዋን የሚፈትሸውን ጎረምሳ ነበር። ጎረምሳው አንድ እጁን ቦርሳው ውስጥ እንደከተተ ቀና ብሎ ተመለከታት።

"ማን ላይ?"

"የልጅ ልጄ ላይ ነዋ። ሰኞ እናንተ ዘንድ ሥራ ትጀምሪያለሽ ብለዋታል። ማደሪያዋም እዚሁ ግቢ ነው አሉ። እና ሌሊት ቢያማት ውሃ የሚያቀብላት ማነው?"

ጎረምሳው ከቦርሳው ያገኘውን እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ይደረድር ጀመር፤ መርፌ ከነክሩ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ በፎጣ የተጠቀለለ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዝናብ ቢመጣ ለራስ መሸፈኛ የሚሆን ፌስታል፣ ሹራብ፣ ከሹራቡ ሥር ደግሞ ሌላ ሹራብ።

"እማማ፣ ሊጎበኙ ነው የመጡት ወይስ ጠቅልለው ሊገቡ?"

"ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ። ብርድ መትቶት የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚስቀው።"

ከኋላዋ የቆመችው ልጅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይርገፈገፋል። "እምዬ፣ በናትሽ፣ ሰልፉን እኮ አስቆምሽው።"

ልጅቷን ቤትም ሰፈርም ፌንጣ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣችላት አያትየዋ ራሷ ናት፤ በሕፃንነቷ ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር መስኮት እየዘለለች ነፍሷን ልታወጣው ስትደርስ። አሁን ፌንጣ ትምህርቷን ጨርሳለች፤ ቁመቷም ከአያትየዋ በራስ በልጧል። መንገድ ሲሻገሩ ግን እጅ የምትይዘው አሁንም አያትየዋ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገሥታቱ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ቤታቸው ግን ከነዕቃው ቀርቶ ከየአገሩ ሰው እየመጣ ያየዋል። በየክፍሉ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጎብኚው እንዳይነካ እንዳይደገፍ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ፌንጣ ለዚህ ሥራ ተወዳድራ አልፋለች። ክፍሎቹ የሚጸዱት የመጀመሪያው አውቶቡስ ሳይነሳ ስለሆነ ጠባቂዎቹ የሚያድሩት እዚያው፣ ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ዱሮ አሽከሮች ይኖሩበት በነበረው ረድፍ ቤት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ቤት መጥቶ ማደር ይቻላል። ለሌላ ሰው ይህ የሁለት አውቶቡስ መንገድ ነው። ለአያትየዋ ግን ከዚያ ወዲያ መሬት የለም።

"አይሆንም" ስትል ነው የሰነበተችው። ፌንጣ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "መጥተሽ እዪው" ብቻ ነው ያለቻት። "በዓይንሽ አይተሽው አሁንም አይሆንም ካልሽ እቀራለሁ። ቃሌ ነው። ተመልሼም አላነሳብሽም።"

ይህች ልጅ ቃሏን እንደማታጥፍ አያትየዋ ታውቃለች፤ ያሳደገቻት እሷ ናትና። ስለዚህ ዛሬ የመጣችው እንከን ፍለጋ ነው። አንዲት ደህና እንከን፣ ሰው ፊት የምትጠራ፣ "ይኸውላችሁ!" የምታሰኝ።

በመጀመሪያው አዳራሽ በር ላይ ከቅርጫት ውስጥ ለስላሳ የጨርቅ የጫማ ሽፋን እያወጡ ለሁሉም አደሉ። የነገሥታቱ ወለል በጫማ አይረገጥም። አያትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታጠልቅ ፌንጣ ጎንበስ ብላ የኋላውን ላስቲክ አስተካከለችላት።

"ያንሸራትታል ይሄ።"

"ትንሽ።"

"አሮጊት ወድቃ ብትሰበርስ? ለዚህ ተጠያቂው ማነው?"

"ያዢኝና ሂጂ እምዬ።"

ያዘቻት። ወለሉ ከልዩ ልዩ እንጨት እንደ ጥልፍ የተሠራ ነበር፤ ከመወልወሉ ብዛት መስኮቶቹ በሙሉ ተገልብጠው ታችም ይታያሉ። አያትየዋ አንድ እርምጃ ሄደች። እግሯ ከሄደበት አልቆመም፤ ትንሽ ጨምሮ ሄደላት። ሌላ እርምጃ። ጉልበቷ፣ ያ በደረጃ ቁጥር የሚነጫነጨው ጉልበቷ፣ ጭራሽ የሌለ ይመስል ዝም አለ። እግሯን ሳታነሳ፣ ኩሬ ላይ እንዳለ ዳክዬ እየተንሳፈፈች በመስኮቶቹ ብርሃን መካከል አለፈች። የፌንጣን ክንድ የለቀቀችበት ቦታ የት እንደሆነ በኋላ ብትጠየቅ አታውቀውም። ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሳል ነው ብላ ለራሷ ተናገረች።

አስጎብኚው ቢጫ ጃንጥላ አጥፎ እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ ይዟል። ድምፁ ቀጭን፣ ቀልዱ ብዙ ነው። "በእጅ አይነካም፣ በክርን አይነካም፣ በቦርሳም አይነካም። በዓይን ግን እስክትጠግቡ!" እያለ ይመራቸዋል።

የመስታወቱ አዳራሽ ውስጥ አያትየዋ ቀጥ አለች። ከየአቅጣጫው ብዙ አሮጊቶች ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው መጡባት። ሁሉም ግንባራቸውን ቋጥረዋል፤ ሁሉም ሰው የጠፋባቸው ይመስላሉ። ከእያንዳንዷ አሮጊት ኋላ አንዲት ረጅም ልጅ ቆማ ፈገግ ትላለች። አያትየዋ ግንባሯን ብትፈታው እነዚያም ፈቱት። ጣሪያው ላይ ደመና ተሥሏል፤ በደመናው መካከል ነጫጭ ወፎች አሉ፤ ከወፎቹ መካከል የቱ እንደሚበርና የቱ እንደሚወድቅ ለማወቅ አንገቷ እስኪያማት ድረስ ቀና ብላ አየች።

ከዚያ ግብር ቤቱ። ጠረጴዛው ከዳር እስከ ዳር ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ የተጣጠፈ ፎጣ ተሰናድቶበታል፤ የሚመጣ ሰው ግን የለም። ዝምታው ራሱ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል። አያትየዋ ግን ሻማዎቹን ነበር የምታየው።

"ልጄ" አለች አስጎብኚውን። "ይህ ሁሉ ሻማ ሲበራ ያ መጋረጃ እንዴት ሳይቃጠል ቀረ?"

"ኧረ ተቃጥሏል እማማ። ሁለት ጊዜ።"

"ይኸውልሽ!" ብላ ወደ ፌንጣ ዞረች።

"እምዬ፣ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት እኮ ነው።"

"እሳት ዕድሜ አለው?"

ጎብኚዎቹ ሳቁ፤ አስጎብኚውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በየክፍሉ ሲገቡ መጀመሪያ የሚመለከተው እሷን ሆነ። "እማማ፣ እዚህስ ምን አስጨነቀዎት?" ይላታል። እሷም እንከን አታጣለትም፤ መስኮቱ ዝቅ ማለቱ፣ ደረጃው መደገፊያ ማጣቱ፣ የንጉሡ አልጋ ማጠሩ። አልጋው ያጠረው ነገሥታቱ ትራስ ተደግፈው፣ ቁጭ እንዳሉ ስለሚያድሩ ነው ሲላት ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። እሷም ፌንጣ ከመሸ ውጪ ከቆየች እንደዚያው ነበር የምታደርገው። ለዚያ ንጉሥ ወገብ አዘነች።

ከንግሥቲቱ መኝታ ቤት ጎን አንዲት ጠባብ በር ነበረች። በሯ ወደ አንድ መተላለፊያ ታስገባለች፤ ሁለት ሰው እንኳ የማይተላለፍበት፣ ግድግዳው በሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ድምፅ የሚውጥ ቦታ ነው። በተራ በተራ ገቡ። በመጨረሻው ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ ያህል መስኮት አለች። ከሥሯ የመቀመጫው ከፈይ ጨርቅ የሳሳ አንድ ዱካ።

አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ንግሥቲቱ የነበራቸው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት። ልጃቸው መተንፈሷን ሳያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ስለዚህ ከራሳቸው መኝታ ቤት እስከ ልዕልቲቱ መኝታ ቤት ድረስ ይህን መተላለፊያ አሠሩ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ይቺን መስኮት።"

"እሰይ!" አለች አያትየዋ። "እናት እንዲህ ናት! ሰማሽ ፌንጣ?"

"ይጨርስ እምዬ።"

"ልዕልቲቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ለት" አለ አስጎብኚው፣ "ቁም ሳጥኗን አስገፍታ መስኮቱ ፊት አስቆመችው። ቁም ሳጥኑ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እኛም አላነሳነውም።"

ሳቁ። አያትየዋ አልሳቀችም።

"ታዲያ ንግሥቲቱ ምን አደረጉ?"

"ምን ያደርጋሉ እማማ? ንግሥት ናቸው፤ አንሺ ቢሉ ይነሳል። አላሉም። መስኮቱንም አላስደፈኑት። ማታ ማታ ግን እየመጡ እዚህ ዱካ ላይ ይቀመጡ ነበር ይባላል።"

"ምን እያዩ?"

"የቁም ሳጥን ጀርባ።"

ቢጫው ጃንጥላ ከፍ አለ፤ ጎብኚዎቹ አንድ በአንድ እየተጠማዘዙ ወጡ። ፌንጣ "ነይ እምዬ፣ ወደ ልዕልቲቱ ክፍል በዚያኛው በር ነው የሚገባው" ብላ ቀደመች። አያትየዋ ቀረች። ለምን እንደቀረች ቢጠይቋት ጉልበቴን ላሳርፍ ነው ትል ነበር። ሰው ሁሉ ሲወጣ መተላለፊያው ዝም አለ፤ የራሷን ትንፋሽ ጨርቁ ሲጠጣው ትሰማለች። ዱካው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ እሷም አልተቀመጠችም። ጎንበስ ብላ ግን በመስኮቷ አየች።

እውነትም የቁም ሳጥን ጀርባ ነው። ቀለም ያልነካው ጣውላ፤ አንድ ቦታ ላይ የዕንጨት ዓይን አለው። ንግሥቲቱ ያን ዓይን ስንት ዓመት አይታዋለች? በደንብ ታውቀው ነበር ማለት ነው፤ ከልጇ ፊት ይልቅ።

ጉንጯን ግድግዳው ላይ ብትለጥፍ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መካከል የመዳፍ ስፋት ያለው ክፍተት እንዳለ አገኘች። በዚያ በኩል የክፍሉ አንድ ሰበዝ ይታያል፤ የአልጋው ጫፍ፣ ቀይ ገመድ፣ ጥግ ላይ የጠባቂዋ ወንበር። ግራጫ ልብስ የለበሰችው ጠባቂ ፌንጣን በዓይን ታውቃታለች መሰል፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ የሆነ ነገር አለቻት፤ ወዲያው ወንበሩን በእጇ አሳይታት ወጣች። ፌንጣ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

አያትየዋ ይህችን ልጅ ተኝታ አይታታለች፣ ታማ አይታታለች፣ ሲያናድዷት፣ ስትዋሽ፣ ስትበላ አይታታለች። ማንም እያያት እንዳልሆነ ስታምን ግን አይታት አታውቅም። ፌንጣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ከአልጋው ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ ጎብኚዎቹ ቀስ እያለ ይዞራል፤ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ጥላ። ከመስኮት የገባው ፀሐይ ጫማዋ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያቺ አንድ ቦታ ተቀምጣ የማታውቅ ልጅ!

አንዲት ካሜራ የያዘች ሴት ለፎቶ ወደ ኋላ ስትሸሽ ክርኗ የአልጋው ዓምድ ላይ ሊያርፍ ተቃረበ። ፌንጣ ተነሳች። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። መዳፏን በሴትየዋ ክርንና በዓምዱ መካከል አስገባች፤ ክርኑ እጇ ላይ አረፈ። ሴትየዋ ደንግጣ ዞረች፤ ፌንጣ ፈገግ ብላ ራሷን ዝቅ አደረገችላት። ሴትየዋም ፈገግ አለች። በቃ፤ ሌላ ነገር የለም።

ያ እጅ። አያትየዋ ያን እጅ የት እንደምታውቀው ወዲያው ገባት። ሕፃኗ ከጠረጴዛ ሥር ብድግ ስትል በጠረጴዛው ጠርዝና በአናቷ መካከል ይገባ የነበረው የራሷ እጅ ነው። ስንት ጊዜ! ልጅቷ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ ያየችው አይመስላትም ነበር።

የሰማያዊው ጨርቅ ሽታ፣ የጨለማው ለስላሳነት፣ ያ ፀሐይ፤ እንቅልፍ ውስጥ እንዳለች ሁሉ ጊዜው ቆመላት። ከዚህ ሆና ዘለዓለም ብታያት አትጠግብም።

ያን ጊዜ ፌንጣ አሳለች። ትንሽዬ ሳል ናት፤ አቧራ ይሆናል። ነገር ግን የአያትየዋ አፍ ከአያትየዋ ቀደመ።

"ፌንጣ! አንገትሽን ሸፍኚ!"

ድምፁ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ወጣ። ካሜራ የያዘችው ሴት እሪ አለች። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን ጣለ። "ልዕልቲቱ ናት!" አለ ሌላው፤ "የለም፣ እናትየዋ ናት!" አለች ሚስቱ። ስልኮች በሙሉ ወደ ቁም ሳጥኑ ዞሩ። የወጣችው ጠባቂ እየሮጠች መጣች፤ ከኋላዋ ወገቧ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለች፣ መነጽሯን በገመድ ያሰረች ሴት። ኃላፊዋ ናት።

"ማነው ግድግዳ ውስጥ ያለው? ማነው እዚህ ወንበር ላይ የነበረው?"

አያትየዋ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቀረች። አበላሸሁት፣ አለች በልቧ። ሰኞ ቀረ፤ በቃ፣ ያባርሯት ይሆን? ይህን ስታስብ ከልቧ ሥር አንዲት ነገር ደስ አላት። ትንሽ ናት፣ የመርፌ ጫፍ ታህል፤ ግን ደስ ብሏታል። አያትየዋ ያቺን ደስታ አየቻትና ብርድ ብርድ አላት።

"እኔ ነኝ የነበርኩት" ሲል የፌንጣ ድምፅ ተሰማ። "ግድግዳው ውስጥ ያለችው ደግሞ አያቴ ናት። አንገቴ ታይቷት ነው።"

ኃላፊዋ ስትስቅ ተሰማ፤ ቁልፎቿ ሁሉ አብረው ሳቁ።

"ንግሥቲቱ እንኳ እዚያ ተቀምጠው ቃል አልተነፈሱም ይባላል!" አለች ወደ ቁም ሳጥኑ ጠጋ ብላ። "እናቴ፣ እርስዎ ከንግሥት በለጡ። ኑ ይውጡ፤ ማደሪያዋን ላሳይዎት።"

ረድፍ ቤቱ ከአትክልቱ ስፍራ ኋላ፣ ከአንድ ትልቅ ኩሬ ማዶ ነው። አያትየዋ የቀራት ተስፋ ይህ ነበር። ፍራሹን በጡጫዋ መታችው፤ ጠንካራ ነው። የመስኮቱን መቀርቀሪያ ከፍታ ዘጋችው፤ ይሠራል። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ቧንቧውን ከፈተችው፤ ውሃው ፈሰሰ፤ ስትዘጋውም ተዘጋ። አልጋው ሥር ልታይ ስትንበረከክ ፌንጣ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"ምን ጎደለ?" አለች ኃላፊዋ።

"ጎደለ አላልኩም።" አያትየዋ እየተደገፈች ተነሳች። "አንድ ነገር ብቻ። ሌሊት ቢያማት ማን ይሰማታል?"

"እኔ ከጎኗ ነኝ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ስታስነጥስ ይማርሽ እላታለሁ።" ኃላፊዋ በሩን ለመቆለፍ ቁልፏን እየፈለገች፣ እንደ ዋዛ ጠየቀች፤ "እርስዎንስ? ሌሊት ቢያምዎት ማን ይሰማዎታል?"

አያትየዋ ሁለቱ አልጋዎች ትዝ አሏት፤ የሷና የፌንጣ፣ በመካከላቸው አንድ ወንበር። ሌሊት እሷ ስትገላበጥ "እምዬ፣ ውሃ ላምጣ?" የሚለው በእንቅልፍ የሰከረ ድምፅ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። ፌንጣ መሬት መሬት ታያለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ዝቅ ብላ ትከተላቸዋለች፤ ሰው ሁሉ አንቀላፍቷል። ፌንጣ "ምን ትያለሽ?" አላለቻትም። ኋላ ላይ ራሷን አያትየዋ ትከሻ ላይ ጥላ፣

"ወለሉ ላይ ስትንሸራተቺ አይቼሻለሁ" አለች።

"እኔ?"

"ስትስቂ።"

"ውሸታም። አስሎኝ ነው።"

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ፌንጣ ጓደኞቿ ዘንድ ሄዳለች። እዚያው ቤት ሌላ ክፍል የምታድረው እናቷ፣ የአያትየዋ ልጅ፣ ልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ነው የምትሠራው፤ በዕረፍት ቀኗም እጇ ከካውያ አይለይም። የፌንጣን ሸሚዝ እየተኮሰች፣

"እሺ፣ ምን ወሰንሽ?" አለቻት።

"ምን እወስናለሁ? ኩሬ አለ ግቢው ውስጥ።"

"ልጅቷ ዋና ትችላለች እማዬ።"

"ዋና የሚችለውን ነው ውሃ የሚበላው።"

"ዶሮ ብታልም ጥሬዋን አሉ! ንጉሥ ቤት ገብተሽ ያየሽው ኩሬ ነው?"

አያትየዋ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ለብዙ ጊዜ ያልተነሳ ነገር ነበር፤ እንዴት አፏ ላይ እንደመጣ አላወቀችም። "አንቺም ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ሄጄ ስፌት ልማር ብለሽ ነበር። ከለከልኩሽ። ታዲያ ምን ሆንሽ?"

ልጇ ካውያውን አነሳች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።

"ምንም አልሆንኩም።"

"እኮ! ምንም አልሆንሽም።"

"አዎ እማዬ" አለች ሸሚዙን ገልብጣ። "ምንም አልሆንኩም።"

ካውያውን መልሳ ሸሚዙ ላይ አሳረፈችው።

ሰኞ ገና ሲነጋጋ አያትየዋ ነቃች፤ ተኝታም ከነበረ። መጋረጃው ግራጫ ሆኗል። ፌንጣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አንድ እግሯን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ተኝታለች። ጠዋት መሄድ ያለባት ልጅ ሻንጣዋን አላዘጋጀችም። ቃል ሰጥታለቻ። የአያትየዋን አፍ ትጠብቃለች።

አያትየዋ ደግሞ ያን አፍ ታውቀዋለች። "ሂጂ" ልትል አስባ አልጋው ላይ ተቀምጣ በልቧ ሞከረችው፤ "ሂጂ" ከማለቷ "ግን" ተከተለ፣ ከ"ግን" ኋላ ኩሬው፣ ከኩሬው ኋላ ሳሉ፣ እያለ እያለ "አይሆንም" ላይ ደረሰ። ደግማ ሞከረች። መንገዱ ያው ነው። ምንም ባትል እንኳ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ ዝም ብትል፣ ፌንጣ ዓይኗን አይታ ትቀራለች። ይቺ ልጅ እሷን ለማንበብ ቃል አያስፈልጋትም። እቤት ያልተገኘ ሰው ግን አይሆንም ሊል አይችልም።

ተነሳች። ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ጎትታ አወጣች። ከፈተችው። እጇ በልማዱ ወደ ልብስ መደርደሪያው ሄደ፤ ወፍራሙን ሹራብ ያዘ። ይዛው ቆመች። መልሳ አስቀመጠችው። ልጅቷ ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው እንዲሆን ባዶውን ሻንጣ አፉን እንደከፈተ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ባለው ወንበር ላይ አደረገችው። የወጣውን እግሯን በብርድ ልብሱ ልታለብሳት ጎንበስ አለችና፣ እንዳትነቃ ተወችው።

ልጇ መታጠቢያው ላይ ጥርሷን እየፋቀች ነበር። እናቷን ካፖርት ደርባ፣ ጫማዋን አሥራ ስታያት አፏ አረፋ እንደሞላ ቀጥ አለች።

"እማዬ? በዚህ ጠዋት ወዴት ነው? ዛሬ እኮ ሰኞ ነው።"

አያትየዋ ወዴት እንደሆነ አታውቅም። ከሷ ቀድሞ ከዚህ ቤት ሰው ሲወጣ እንጂ እሷ ከሁሉ ቀድማ ስትወጣ ማንም አይቶ አያውቅም። ልጇ ከሷ ፊት ወደ መኝታ ቤቱ በር፣ ከበሩ ወደ ተከፈተው ሻንጣ አየች። አረፋው በአገጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ከመኝታ ቤቱ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። "እምዬ?" አለ በእንቅልፍ የሰከረ ድምፅ።

አያትየዋ የውጭውን በር ቀስ ብላ ከፈተችና ወጣች።